በናሙና ስም የመጡ ድንጋዮች

ሰውየው ጥቁሩን የመነጽር መያዣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ መስታወቱ ዞረ።

ክር የሚሏት ልጅ አላየችውም። አለማየት ሥራዋ ነው። ክፈፍ እያነሳች ፊቷ ላይ ትሞክራለች፣ ትመልሳለች። የመነጽር ቤቱ ሻጭ «ሌላ ዓይነት ላምጣልሽ» ብላ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች።

አሁን።

ከቦርሳዋ ተመሳሳይ ጥቁር መያዣ አወጣች። ከሰውየው መያዣ አጠገብ አኖረችው። የእሱን አነሳች።

«ያኛው ያምርብሽ ነበር» አለ ሰውየው ከመስታወቱ ዓይኑን ሳያነሳ።

«ለእናቴ ነው» አለች።

ምልክቱ ይኸው ነበር። ሻጯን አመስግና ወጣች።

ከማዶ ቡናማ ጃኬት የለበሰ ሰው ጋዜጣ ያገላብጥ ነበር። እሷ ስትራመድ ጋዜጣውን ለአዟሪው መለሰ። ክር አልፈጠነችም፤ የፈጠነ ሰው ያስታውቃል። የዕቃው ባለቤት ሌባ ስለሚፈራ ርክክቡን በምስጢር እንደሚያደርግ፣ ሁልጊዜም ሰው እንደሚያስከትል ታውቃለች። የማታውቀው የዛሬው ሰው ምን ያህል እንደሚጠጋት ነው።

የልብስ መደብር ውስጥ ገባች። ሁለት ሸሚዝ መዝዛ ወደ መሞከሪያው ክፍል አለፈችና መጋረጃውን ሳበች።

የሰውየው ጫማ ከመጋረጃው ማዶ ቆመ።

መያዣውን ከፈተች። ውስጡ የታጠፉ ነጫጭ ወረቀቶች አሉ። በእያንዳንዱ እጥፋት ገና ያልተገጠሙ አልማዞች እንደ ስኳር ቅንጣት ያብረቀርቃሉ። ከሁሉም ሥር «ናሙና» የተባለው እጥፋት ነበር። እሱን አወጣች። ከሸሚዟ ሥር ሌላ «ናሙና» አውጥታ በቦታው ተካች። ቁጥሩም፣ ቅርጹም፣ መጠኑም አንድ ነው። በዓይን የሚለየው ሰው የለም።

እጇ ትንሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። በኋላ ያሳፈራት አንዱ ነገር ይኸው ነው።

ጫማው ራቅ አለ። ክር ወጥታ የወንዶች ካፖርት በተሰቀለበት በኩል አለፈች። በአንድ ግራጫ ካፖርት ኪስ ከመያዣው ያወጣችውን እጥፋት ጣል አደረገች፤ አንድ ሻርፕ ገዝታም መንገዷን ቀጠለች። በመደብሩ መስኮት መስታወት ወደ ኋላ ስታይ አንድ ረጅም ሸበቶ ሰውዬ ግራጫውን ካፖርት አንስቶ ይለካ ነበር።

አጎት ነው።

ባለ ቡናማ ጃኬቱ እስከምትሠራበት ወርክሾፕ በር ተከትሏት ተመለሰ።

«ክር» በስለላ መሥሪያ ቤቷ የተሰጣት የምስጢር ስም ነው። አጎት ደግሞ አለቃዋ ነው። ስልክ ሲነጋገሩ የቤተሰብ ወሬ እንዲመስል አጎቴ ትለዋለች፤ ሲውል ሲያድር ከልቧ ትለው ጀመር። መልምሎ ያሠለጠናት እሱ ነው። በሰዎች መካከል እንዴት እንደሚጠፋ ያስተማራትም እሱ ነው። አሁን ከዓመት በላይ ሆኗታል፤ በሰው ትእዛዝ ጌጣጌጥ የሚሠራ አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ተቀጥራ ደንበኛ ታስተናግዳለች።

በላብራቶሪ የሚሠራ አልማዝ ገበያው ደርቷል። ወጣቶች ያለቀለት ቀለበት መግዛት እየተዉ ነው። ድንጋዩን ለብቻው ይመርጣሉ፣ ንድፉን በራሳቸው ሐሳብ ያሠራሉ። ድንጋዩ ርካሽ ስለሆነ ጉምሩክ ላይ አገላብጦ የሚያየው የለም። ጓንት የሚሉት አስመጪ የገባው በዚህ ቀዳዳ ነው። ከማዕድን ማውጫ በጠመንጃ የተዘረፉ የተፈጥሮ አልማዞችን ከላብራቶሪዎቹ ጋር ቀላቅሎ «ናሙና» እያለ ያስገባል። ናሙናው ወርክሾፑ ካዝና ውስጥ ሰንብቶ «ደንበኛ አልወደደውም» ተብሎ ይመለስለታል። ከዚያ ወደ ገዢው ይሄዳል። የወርክሾፑ ባለቤት እትዬ ስለዚህ የሚያውቁት ነገር የለም።

ጓንት ይህ ስም የወጣለት አንድም ድንጋይ በእጁ ነክቶ ስለማያውቅ ነው። የሚነኩለት ሌሎች ናቸው። የክር ተልዕኮ ድንጋዮቹን በእሱ እጅ ላይ ማስያዝ ነበር።

«እንለውጥበት» ያላት አጎት ነው። «ናሙናው ሲመለስ የእሱ አለመሆኑን ያውቃል። ይደነግጣል። ሲደነግጥ ራሱ ይመጣል።»

«ወርክሾፑ ነው የሚመጣው። እትዬ ላይ ነው የሚመጣው» ብላው ነበር።

«ፊት ለፊት መኪና ውስጥ ሰዎች ይኖሩኛል። ኪስሽ ውስጥ ያለውን የጥሪ ቁልፍ ስትጫኚ ይደርሳሉ። ጣቱን እንኳ አያነሳባትም።»

አመነችው።

«ሬድዮ መጣች!» አለ ጋሽ ሞረድ ከጠረጴዛው ቀና ሳይል።

ጋሽ ሞረድ የተሠራውን ወርቅ የሚያለሰልስ፣ ጠርዙን የሚያስተካክል ሠራተኛ ነው። ሞረድ ከእጁ ስለማይለይ ስሙ ሆኖ ቀረ። እሷን ሬድዮ ያላት ደግሞ ወሬ ስለማይወጣት ነው።

«ዛሬስ ምን ዜና አለ?»

«ምንም።»

«ሰማችሁ? ዜናችን እዚህ ላይ አበቃ።»

እትዬ ሳቁ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ወርክሾፑ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም ነበር። ነፍስ የዘራበት ይኸው የላብራቶሪ አልማዝ ነው። መያዣውን ከክር ተቀብለው የላብራቶሪዎቹን ድንጋዮች በወረንጦ እያነሱ አዩ። የናሙናውን እጥፋት ግን አልፈቱትም፤ እንደ ልማዳቸው ለክር ሰጧት። ክር ካዝናውን ከፍታ አስቀመጠችው። ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ በእትዬ ቀበቶ ላይ፣ ሌላው በክር አንገት ላይ። ሰጥተዋት ነበር፤ በገባች በሦስተኛው ወር፣ ሳትጠይቃቸው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት እጮኛሞች መጡ። የወንድየው እናት አብረው ነበሩ፤ ፊታቸው አልተፈታም።

«እኔ የምፈልገው» አለች ልጅቷ ስልኳን ለእትዬ እያሳየች፣ «ሁለት ቅርንጫፍ ተጠላልፎ ድንጋዩን ከሥር እንዲያቅፈው ነው። ማንም እጅ ላይ ያላየሁትን።»

«ይቻላል። ድንጋዩንስ?»

«ይቺን። ሞላላዋን።»

እናትየውን አላስቻላቸውም። «ከማሽን የወጣ አልማዝ ምን አልማዝ ይባላል? ነገ ሰው ልጇ በጠርሙስ አገባ ይለኛል!»

«ጠርሙስማ አይደለም» አሉ እትዬ። «አልማዝ ነው። አንዱ ምድር ውስጥ አደገ፣ አንዱ ማሽን ውስጥ አደገ። ልጆችዎን ሁሉንም አንድ ሆስፒታል ነው የወለዱት?»

እናትየው ሳያስቡት ሳቁ። ልጅቷ የእጮኛዋን እጅ ጨበጠች።

«ግን አንድ ነገር» አሉ እትዬ። «የላብራቶሪ መሆኑን በደረሰኙ ላይ ጽፌ ነው የምሰጣችሁ። ሰው ሲጠይቃችሁም እንዳትዋሹ። እኔ ቤት ውሸት አይሸጥም።»

ክር ከካዝናው አጠገብ ቆማ ነበር። ፊቷ ጋለ። ደረሰኝ የምትፈልግ መስላ አንገቷን ደፋች።

ከዚህ ቤት ጋር እንዲህ መላመድ አልነበረባትም። ባለፈው ክረምት ትኩሳት ጥሏት ሥራ ስትቀር እትዬ የተከራየችውን ክፍል ጠይቀው አግኝተው መጡ። ሾርባ ይዘው ነበር። አልጋዋ ላይ ተቀምጠው በማንኪያ እያጎረሷት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶ አዩ። ፎቶውን መሥሪያ ቤቷ ነው የሰቀለው፤ ለታሪኳ እንዲሆን። ክር የሴትየዋን ማንነት እንኳ አታውቅም።

«እናትሽ ናቸው?» አሉ እትዬ። «ነፍሳቸውን ይማር። ቁርጥ እሳቸውን ነው የምትመስዪው።»

ክር ሾርባውን ዋጠች።

ናሙናው የተመለሰ ሰሞን ጓንት ራሱ መጣ።

የምሳ ሰዓት ነበር። ጋሽ ሞረድ ዳቦ ሊገዛ ወጥቷል። ጓንት ሁለት ሰዎች አስከትሎ ገባ። አንደኛው በሩን ቆለፈ። ሁለተኛው ባለ ቡናማ ጃኬቱ ነበር።

ክር ኪሷ ውስጥ የጥሪውን ቁልፍ ተጫነች።

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ከማዶ ነጭ መኪና ቆሟል፤ «የልብስ ማጠቢያ» የሚል ጽሑፍ አለበት። እፎይ አለች።

«እትዬ» አለ ጓንት በጨዋ ድምፅ፣ «የመለሱልኝ ናሙና የእኔ አይደለም።»

«እንዴት አይሆንም? እጥፋቱን እንኳ አልፈታሁትም።»

«በማሽን አስመረመርኩት። አንድ ሳይቀር የላብራቶሪ ነው።»

እትዬ ግራ ገባቸው። «ታዲያ የላክኸው የላብራቶሪ አይደል እንዴ?»

ጓንት ወርክሾፑን ዞር ዞር ብሎ አየ። «መንገድ ላይ የእኔ ሰው ከዓይኑ አላጣትም። ካዝናውን ማን ማን ይከፍታል?»

ክር በአንገቷ ላይ ያለው ቁልፍ ከበዳት።

«እኔ ብቻ» አሉ እትዬ።

ክር ቀና አለች።

«ቁልፉ የእኔ ብቻ ነው። ይቺ ልጅ ደንበኛ ከማስተናገድ ሌላ የምታውቀው የለም። እሷን ወደ ቤቷ ልቀቃት፣ ከዚያ እኔና አንተ እንነጋገር።»

«ትቆይ» አለ ጓንት።

መዳመጫው ጥጉ ላይ ነበር። ወርቅ የሚሳሳበት ዕቃ ነው፤ ሁለት ወፋፍራም የብረት ጥቅልሎች ተደራርበው በእጅ የሚዞር እጀታ አላቸው። ባለ ቡናማ ጃኬቱ የእትዬን ቀኝ እጅ ይዞ ወደዚያ ጎተታቸው። ጣቶቻቸውን በጥቅልሎቹ መካከል አስገባ። ጓንት እጁን ከኪሱ አላወጣም።

«ድንጋዮቼ የት ናቸው?»

«የምትለውን አላውቅም። በልጆች አምላክ!»

መኪናው እንደቆመ ነው። በሩ አልተከፈተም።

ይመጣሉ፤ አሁን ይመጣሉ አለች ክር በልቧ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ማንነቷን አታወጣም፣ ትጠብቃለች። የጥሪውን ቁልፍ ደጋግማ ተጫነች።

«ለመጨረሻ ጊዜ» አለ ጓንት።

«እኔ ነኝ» ማለት ይበቃ ነበር።

አላለችም።

እጀታው ዞረ።

እትዬ ወዲያው አልጮኹም። መጀመሪያ ክርን አዩ። በዓይናቸው በሩን አሳዩዋት፤ ውጪ፣ ሽሺ። ጩኸቱ ከዚያ በኋላ መጣ።

የነጩ መኪና በር ያኔ ተከፈተ። አንድ ሰው የታጠበ አንሶላ ተሸክሞ ወረደ። ማዶ ወዳለው ሆቴል ገባ፣ ባዶ እጁን ተመልሶ መኪናውን አስነሳና ሄደ።

የልብስ ማጠቢያ ቤት መኪና ነበር። ሌላ ምንም አልነበረም።

«እስከ ነገ» አለ ጓንት። «ካልሆነ ግራ እጅም አለ።»

ጋሽ ሞረድ ዳቦውን ታቅፎ ሲገባ እትዬ መሬት ላይ ነበሩ። ዳቦው ከእጁ ወደቀ። ተሸክሟቸው ታክሲ ውስጥ አስገባ። ክር ጭንቅላታቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ ሻርፗን እጃቸው ላይ ጠቀለለች። ድንጋዮቹን የለወጠች ቀን የገዛችው ሻርፕ ነበር። እትዬ ከንፈራቸው ደርቆ የሆነ ነገር አሉ። ጎንበስ ብላ ሰማች።

«አንቺን አልነኩሽም አይደል?»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ከሆስፒታሉ ግቢ ደወለች።

«አጎቴ፣ እናቴ ታማብኛለች።»

«ሰምቻለሁ። ታገሺ።»

«መኪናው አልነበረም።»

ከወዲያኛው ጫፍ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ።

«ሰዎቹ አልነበሩም አጎቴ። እጃቸውን ፈጩት። እኔ እያየሁ።»

«አንቺ የተናገርሽው ነገር አለ?»

«የለም።»

«ጎበዝ» አለና ዘጋው።

ያቺ «ጎበዝ» ከእጀታው ድምፅ ይልቅ ጆሮዋ ውስጥ ቀረች።

የሚገናኙበት አፓርታማ ድረስ በእግሯ ሄደች። ዘበኛው ያውቃታል፤ የእህቱ ልጅ ናት ተብሎ ተነግሮታል። «አጎትሽ? ጠዋት ሻንጣውን ይዞ ወጣ እኮ። ቁልፉንም አስረክቧል። አልነገረሽም?» አላት።

«ረስቼው ነው» አለች።

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ነገሩ አንድ በአንድ ተገለጠላት። ለመሥሪያ ቤቱ የተላለፈ ማስረጃ የለም። ጓንትን ሊይዝ የተዘጋጀ ሰውም የለም። ድንጋዮቹ አጎት ኪስ ገብተዋል፤ ጥፋቱ ደግሞ እትዬ ላይ እንዲወድቅ ታስቦ ነበር። የለወጠችው እጅ የእሷ ነው። ወጥመዱ ላይ ሥጋ አድርጋ ያኖረቻቸውም እሷ ናት። አጎት ሰዎች ይኖሩኛል ባይላትም ምናልባት ታደርገው ነበር፤ ይህን ስታስብ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። በደረጃው የወረደች ጎረቤት ምን ነካሽ ብላ ጠየቀቻት። ራስ ምታት ነው አለቻት።

ማልቀስ ለሌላ ጊዜ ነው። አጎት የት ይሄዳል?

የተፈጥሮ አልማዝ ማረጋገጫ ከሌለው ከላብራቶሪው ለይቶ የሚገዛው የለም። ከወር በፊት አጎት «ማረጋገጫ ወረቀት የሚሰጥ፣ ከየት አመጣኸው የማይል ቤት ታውቂያለሽ?» ብሏት ነበር። ለምርመራው መስሏት አንድ የግል የድንጋይ መመርመሪያ ቤት ነግራዋለች።

በማግስቱ ጠዋት እዚያ ሄደች። የወርክሾፑን ካርድ አሳይታ የሥራ ወሬ መሰለች።

«ባለ ግራጫ ካፖርቱ የእናንተ ሰው ነው?» አለች እንግዳ ተቀባይዋ። «ወረቀቱ ደርሷል። ከሰዓት መጥቶ ይወስዳል።»

ውጭ ወጥታ ሁለት ስልክ ደወለች። የመጀመሪያው በቃሏ የያዘችው፣ ደውላበት የማታውቀው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ቁጥር ነበር።

«የምትከሺው የሃያ ዓመት ባልደረባዬን እኮ ነው» አለች ኃላፊዋ።

«አውቃለሁ።»

«ተሳስተሽ ከሆነስ?»

«እኔን እሰሩኝ። ብቻ ይምጡና በዓይንዎ ይዩ።»

ሁለተኛው ለጓንት ነበር።

«ድንጋዮችህን የወሰዳቸውን ሰው አውቀዋለሁ። ከሰዓት ከእነሱ ጋር ይሆናል።»

«አንቺ ማነሽ?»

«ትናንት ወርክሾፑ ውስጥ የቆምኩት ልጅ ነኝ። ሰው ብትልክ ሰውህ ይዟቸው አይጠፋም ብለህ ታምናለህ?»

«ቦታውን ንገሪኝ» አለ።

አጎት ግራጫውን ካፖርት ለብሶ መጣ። ፈረመ። ትንሿን ሳጥን ተረከበ። ሲዞር መጠበቂያው ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኛት።

ፊቱ አልተለወጠም። ያስተማራት ሰው ነው።

«ክር።»

«አጎቴ።»

አጠገቧ ተቀመጠ። «ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን።»

«ግማሹ ያንቺ ነው። ዛሬውኑ ከዚህ እንሄዳለን። ዕድሜሽን በሰው ስም ስትኖሪ ልታረጂ ነው?»

«ሴትየዋን አሳልፈህ ሰጠሃት።»

«እኔ?» አላት። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እንደ ድሮው ትምህርት ሲሰጣት ነበር የሚመስለው። «እኔ እዚያ አልነበርኩም፣ ልጄ። ቆመሽ ያየሽው አንቺ ነሽ።»

ሐሰት ቢሆን ትመልስለት ነበር።

በሩ ተከፈተ።

ጓንትና ባለ ቡናማ ጃኬቱ።

አጎት አያቸው፤ ከዚያ እሷን አያት። ገባው። እጁን ወደ ካፖርቱ ውስጥ ሰደደ።

ባለ ቡናማ ጃኬቱ ቀደመው።

ተኩሱ ጠባቡን ክፍል ሞላው። እንግዳ ተቀባይዋ ከጠረጴዛው ሥር ገባች። አጎት በጉልበቱ ወረደ፣ ሳጥኗ ወድቃ ተከፈተች፣ ድንጋዮቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ።

ጓንት ድንጋዮቹን ሲያይ ራሱን ረሳ። ጎንበስ ብሎ ይለቅም ጀመር። በባዶ እጁ።

«እንዳትንቀሳቀስ!»

ነጭ ጋውን የለበሱ ሰዎች ከምርመራ ክፍሉ ወጡ። የኃላፊዋ ሰዎች ነበሩ። ባለ ቡናማ ጃኬቱ መሣሪያውን ጣለ። ጓንት እፍኙን እንደጨበጠ ተያዘ።

ክር አጎት አጠገብ ተንበረከከች። ደሙን በመዳፏ ልታቆም ሞከረች። አላያትም። ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

«በሥራ ላይ ሳለ ተሰዋ ይባላል» አለች ኃላፊዋ በዚያው ቀን፣ በመኪናዋ ውስጥ። «የመሥሪያ ቤቱን ስም ማጉደፍ አንችልም። ሴትየዋ ደግሞ በዘራፊዎች ነው የተጎዱት፤ ዘራፊዎቹም ተይዘዋል። ከዚያ ያለፈ አይነገራቸውም። አንቺ ዛሬ ከተማውን ትለቂያለሽ።»

«ልሰናበታቸው።»

«በአጭሩ። ጥሩ ሥራ ነው የሠራሽው።»

ክር በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች።

እትዬ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ቀኝ እጃቸው እስከ ክርናቸው ተጠቅልሏል። ሐኪሞቹ ሦስት ጣት ማዳን አልቻሉም። ክርን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ፣ ወዲያውም ጠቆረ።

«ተያዙ አሉኝ፣ ፖሊሶቹ። ጥሩ ነው» አሉ። «ሞረድን አባረርኩት።»

«ለምን?»

«ድንጋይ ተለውጧል ሰውየው እንዳለው። ካዝናው አጠገብ የምንደርሰው ሦስት ነን። እኔ አልለወጥኩም። አንቺ አይደለሽም። ማን ቀረ? ከባሌ ጊዜ ጀምሮ አብሮኝ የኖረ ሰው! እዚህ አልጋ ሥር ወድቆ ምሎ ተገዘተ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ውጣልኝ አልኩት።» ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ከእጄ በላይ ያመመኝ እሱ ነው።»

ኮሪደሩ ላይ የኃላፊዋ ሰው ሰዓቱን እያየ ይጠብቃል።

ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም።

«ጋሽ ሞረድ አይደለም» አለች። «እኔ ነኝ።»

እትዬ የሰሙ አልመሰሉም። ነገረቻቸው። የማን ሠራተኛ እንደሆነች፣ ናሙናው ምን እንደነበር፣ መሞከሪያው ክፍል ውስጥ ምን እንዳደረገች። ጓንት እንደሚመጣ ታውቅ እንደነበር። አልጋው እግር ላይ አተኩራ፣ ሳትቆም ተናገረች። በዚያ ቤት ይህን ያህል ተናግራ አታውቅም።

እትዬ በግራ እጃቸው ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳቡ።

«ያቺ ፎቶዋን ያየሁት እናትሽስ?»

«አላውቃትም።»

«እጀታው ሊዞር ሲል» አሉ እትዬ ቀስ ብለው፣ «እኔ ነኝ ብትዪው ኖሮ ይተወኝ ነበር?»

«አላውቅም» ልትል ነበር። እሱም ውሸት ነው።

«አዎ» አለች።

እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተሳደቡም። ክር ስድብ ጠብቃ ነበር፤ ቢመጣ ይቀላት ነበር።

«ሂጂና ሞረድን ጥሪልኝ» አሉ። «አንቺ አትመለሽ።»

ጋሽ ሞረድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ባዶ እግሩን ተቀምጦ ነበር። ፂሙን አልተላጨም። ሲያያት ተነሳ።

«እትዬ ይፈልጉሃል» አለችው። «አንተ እንዳልሆንክ አውቀዋል። ቶሎ ና ብለውሃል።»

«እውነትሽን ነው? እውነትሽን ነው?» ወደ ቤት ሮጠ። ጃኬቱን ገልብጦ ለብሶ፣ አንዱን ጫማ ሳያስር ወጣ። ትከሻዋን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሯን ሳማት። «አንቺ ነሽ አይደል የተናገርሽልኝ? አውቄዋለሁ! ዝም ያልሽ ብትመስዪም ልብሽ… እግዜር ይስጥሽ፣ የእኔ ሬድዮ!»

ክር የጃኬቱን ኮሌታ አቃናችለት።

«አትመጪም እንዴ?»

«ቅደም ጋሼ። እደርሳለሁ።»

ጥቂት እንደሄደ ዞሮ ቶሎ በይ ብሎ በእጁ ጠራት። እጇን አነሳችለት። ጥጉን ሲታጠፍ በሌላው መንገድ ሄደች።

አሁን በሌላ ከተማ የመኪና መለዋወጫ የሚያስመጣ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ሌላ ስም፣ ሌላ የፀጉር አቆራረጥ። የሥራ ባልደረቦቿ ልጅቷ ጨዋ ናት፣ አትቀረብም እንጂ ይላሉ። የምትከታተለው ሰው ፎቅ ላይ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በደረጃው ሲያልፍ ደህና አደርሽ ይላታል።

ከፊት ለፊቷ የምትቀመጠው ገንዘብ ያዥ ተጫዋች ሴት ናት። አንድ ዓርብ ቦርሳዋን እየሰበሰበች ጠረጴዛዋ ላይ ተደገፈች።

«ነገ ምሳ እኔ ቤት ነሽ። ልጆቼን ላስተዋውቅሽ። እንቢ ብትዪ እቀየምሻለሁ!»

«ነገ እንኳ አልችልም» አለች ፈገግ ብላ። «ቤተሰቦቼ ይጠብቁኛል።»

ሴትየዋ አመነቻት።